ዳኛው ያላየው እጅ፦ ስድስት ቀን በኬንትና በሌክ ሲቲ

ከአሜሪካ ስመለስ ባልደረቦቼ መምህራን መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሕንፃዎቹ ቁመት ነበር። እውነቱን ለመናገር ጫፋቸውን አላየሁትም። በሲያትል የታኅሣሥ ደመና ከፎቆቹ አናት በታች ወርዶ ነው የሚውለው። ያየሁት የአንድ ዳኛን ስህተት፣ ያ ስህተትም ሁለት ሰዎች ላይ ያደረሰውን ነው። ከቡታጅራ ተነሥቶ እዚያ ለማይደርስ ሰው እንዲገባው ቀኑን በቀኑ እጽፈዋለሁ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ደረጃ መዝለል አልወድም።

ዓርብ

የተላክሁበት የመምህራን ሥልጠና ያለቀው በሌላ ከተማ ነው። ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት በቀሩኝ ቀናት የእናቴን ታናሽ ወንድም ክፍሌን ልጠይቅ ወደ ሲያትል በረርኩ። አጎቴ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበለኝ። አገላብጦ ሳመኝና ሻንጣዬን ነጥቆ፣ «ፓርክ ያደረግሁት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ቶሎ በይ ቲቸር» አለኝ። መኪና አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

የሚኖረው ኬንት ነው። ከሲያትል በስተደቡብ ያለች፣ የቤት ኪራይ ረከስ የሚልባት፣ መጋዘንና የጭነት መኪና የበዛባት ከተማ ናት። ሥራው ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ ኦበርን፣ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ካርቶን መደርደር ነው። ቤት ስንደርስ ገና አሥር ሰዓት ተኩል ነበር፤ ግን ጨልሟል። ቡታጅራ በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ የጥቁር ሰሌዳዬን ጽሑፍ እስክታደበዝዝ ድረስ በመስኮት ትገባለች።

የአጎቴ ሚስት እትዬ ብርቄ የጾም ወጥ ሠርተው ጠበቁን። እራት ላይ አጎቴ የእሑዱን ነገር አነሣ። ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የቡታጅራ ሰው ሌክ ሲቲ፣ በሰሜን ሲያትል፣ ትንሽ ሱቅ አላቸው። አጎቴና እሳቸው አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የከተማውን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ጨዋታ ከሱቁ ጓዳ ሆነው አብረው አይተዋል። አሁን ግን ጋሽ ሸምሱ ጉልበታቸው ደክሞ ሱቁን ለሌላ ሰው አስተላልፈዋል፤ ረቡዕ ጠዋት ከልጃቸው ከሰሚራ ጋር ወደ ዳላስ ይሄዳሉ።

«ሶ፣ እሑድ የመጨረሻችን ነው» አለ አጎቴ። «ስንብት ምናምን አናውቅም። ኳሳችንን አይተን፣ ፉላችንን በልተን እንለያያለን።»

«በአማርኛ ንገራት እንጂ፣ ትልቁ ሰውዬ ከአሁኑ ማልቀስ ጀምሯል» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ማን? እኔ?» አለና ተነሥቶ ሽምብራ ቆሎ አመጣ። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ በአንድ በኩል፣ አሥራ አንድ በሌላ በኩል ደርድሮ ሕጉን ያስተምረኝ ጀመር። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ኳሱ ክብ ሳይሆን በሁለት በኩል የሾጠጠ ነው። አብዛኛው ጨዋታ በእጅ ነው። አንድ ቡድን አሥር ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ግድም፣ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። መጨረሻው መስመር ውስጥ ኳስ የያዘ ስድስት ነጥብ ያገኛል። ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ሸሚዝ የለበሱ ሰባት ዳኞች ሜዳው ላይ አሉ፤ ጥፋት ሲያዩ ቢጫ ጨርቅ መሬት ላይ ይጥላሉ።

«ሰባት!» አልኩ። እኛ ትምህርት ቤት ለአንድ ጨዋታ አንድ ዳኛ አለን፤ እሱም የስፖርት አስተማሪው ነው፤ ሲሸነፉ ተማሪዎቹ እስከ ቤቱ ይሸኙታል።

«ሰባት ናቸው» አለ አጎቴ። «አሥራ አራት ዓይን። ቆይ፣ እሑድ ታያለሽ።»

ቅዳሜ

አጎቴ ትርፍ ሰዓት ገባ። እኔ በባቡር መሀል ከተማ ደርሼ ስታዲየሙን ከውጭ ልይ ብዬ፣ እሱ በነገረኝ መሠረት ወደ ኬንት ጣቢያ በእግሬ ሄድኩ። ዝናቡ እንደኛ ክረምት አይወርድም፤ ልብስ እስኪበሰብስ ድረስ ዝም ብሎ ይረጫል። ጣቢያው ውስጥ ማንም የለም። አርባ ደቂቃ ቆምኩ። እኛ መናኸሪያ ቢሆን ረዳቱ ገና ከሩቅ የት እንደምሄድ ጮሆ ጠይቆኝ፣ ያለ ፈቃዴ ሻንጣዬን ጭኖልኝ ነበር።

በመጨረሻ ውሻ የሚያንሸራሽሩ አንድ አሮጊት መጡና ሐዘኔታ በተሞላ ፊት አዩኝ። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያሉ፣ ይህ ባቡር የሠራተኛ ባቡር እንደሆነና ቅዳሜ እንደማይሠራ ነገሩኝ። ጃንጥላቸውን ሰጥተውኝ እሳቸው ኮፍያቸውን ደፍተው ሄዱ፤ እንድመልስም አልጠየቁኝም።

ማታ ለአጎቴ ስነግረው ግንባሩን መታ። «ውይ! እሑድ እሑድ ለጨዋታ ልዩ ባቡር ያወጣሉ፤ እኔ ቅዳሜም ያለ መስሎኝ! ባቡሩን ከጨዋታ ውጪ ተሳፍሬው አላውቅም እኮ!» ስታዲየም የገባው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ከጋሽ ሸምሱ ጋር።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስታችንም በመኪና ወደ ሌክ ሲቲ ሄድን። አጎቴ የቡድኑን ማልያ ከኮቱ ላይ ደርቦ ስለለበሰ ፍራሽ የተጠቀለለበት ሰው ይመስል ነበር። ሱቁ በመኖሪያ አፓርታማዎች መሀል ያለ አንድ ክፍል ነው። መደርደሪያዎቹ ተራቁተዋል፤ ጥቂት ከረጢት ምስርና በርበሬ ቀርቷል። ጋሽ ሸምሱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ የሚነሡ ሰው ናቸው። አጎቴን በሦስት ዓመት ይበልጡታል።

«የወንድሜ የእህት ልጅ ይቺ ናት? ግቢ የኔ ልጅ። አጎትሽ ሕጉን አስተማረሽ? እሱ ራሱ እኮ እስካሁን አልገባውም።»

«አንተን ማን አስተማረህና?» አለ አጎቴ።

ጓዳው ውስጥ ቴሌቪዥን፣ አራት ወንበርና ካርቶን ነበር። ሰሚራ ካርቶኖቹን በማሸጊያ ታሽጋለች፤ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ማዕዱ ላይ ፉል፣ ሽሮና ሰላጣ ቀረበ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፦ አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም ስለሆኑ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ጾም ሆነ ፍስክ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚህ ጓዳ ሥጋ ገብቶ አያውቅም። «ኳስ አጹሞናል» ይላሉ ጋሽ ሸምሱ።

ጨዋታው በሰባት ሰዓት ጀመረ። ገና ከመጀመሪያው ዳኞቹ ቀን ጎድሎባቸዋል። በእኛ ተጫዋች ላይ የማይገባ ጨርቅ ጣሉ፤ የእንግዳው ቡድን ሲያጠፋ ደግሞ ጨርቁ ከወገባቸው አልወጣም።

«ይሄ ሰውዬ መነጽሩን ቤቱ ረስቶ ነው!» ጮኸ አጎቴ።

«መነጽር ምን ያደርግለታል፣ ዓይኑን ነው የረሳው» አሉ ጋሽ ሸምሱ። በርበሬ ልትገዛ የገባች አንዲት ሴት ማነው የረሳው ብላ ጠይቃ፣ እሷም ቆማ ሩብ ሰዓት አየች።

ሊያልቅ አሥራ ሁለት ሰከንድ ሲቀር በአራት ነጥብ ተበልጠናል። አንድ የመጨረሻ ሙከራ ቀረን። ኳሱ ረጅም ተወረወረ። የእኛ ልጅ መጨረሻው መስመር ውስጥ ገብቶ እጁን ዘረጋ፤ ተከላካዩ ከኋላው ነው። ኳሱ ጣቱን ነክቶ ወደቀ። እንግዶቹ ዘለሉ። ጨርቅ አልተጣለም።

ሕጉ ግልጽ ነው። ኳሱ ሳይደርስ ተከላካይ የተቀባዩን እጅ መያዝ አይችልም። ቴሌቪዥኑ ድርጊቱን በዝግታ ደጋግሞ አሳየን። አሰልጣኝ ቅሬታ ሲኖረው ቀይ ጨርቅ ጥሎ ውሳኔ የሚያስመረምርበት መንገድም አለ። ግን እንዲህ ያለው ጥፋት ከሚመረመሩት ውስጥ አይገባም፤ ዳኛው ካላየ አላየም ነው። እኔ የፈተና ወረቀት ሳርም ተማሪ ቅሬታ ካቀረበ ወረቀቱን እንደገና አየዋለሁ። እዚህ አገር ወረቀቱን ለሕዝብ ሁሉ በትልቁ እያሳዩ፣ ውጤቱን አይነኩትም።

አጎቴ ቆሞ ነበር። «ይዞታል! እጁን ይዞታል! ሌቦች!»

«ተቀመጥ ክፍሌ» አሉ ጋሽ ሸምሱ በዝግታ። «እኩል ነው የደረሱት። ዳኛም ሰው ነው።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ አስተማሪ ነሽ። ማንንም አትወግኚም። ፍረጂ። ይዞታል አልያዘውም?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ማስታወሻ ደብተሬ ጭኔ ላይ ተዘርግቷል፤ በሁለት ቀን ዕውቀቴም ምላሴን በላኝ። ስለ ማዕዘን፣ ስለ ፍጥነት፣ ኳሱና እጁ እኩል ከደረሱ ጥፋት እንዳልሆነ አብራራሁ። «ዳኛው ትክክል ሊሆን ይችላል» ብዬ ጨረስኩ።

አጎቴ ፊቱን ከእኔ መለሰ። ቀጥሎ የተናገረው ግን ለእኔ አልነበረም። «አንተ ድሮም ልብህ ሄዷል» አላቸው ጋሽ ሸምሱን። «ረቡዕ ዳላስ ገብተህ የዚያን ከተማ ቡድን ማልያ ትለብሳለህ። ምን አቃጠለህ?»

«እኔ በልጅ የሚመራ ሽማግሌ ነኝ፤ አንተ በቴሌቪዥን የምትመራ ሕፃን ነህ» አሉ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ዳድ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ጌም» አለች ሰሚራ፤ ጨዋታ ብቻ እኮ ነው ማለቷ ነው።

አጎቴ ኮቱን አነሣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ «ከእንግዲህ የሸምሱን ደጅ ብረግጥ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» አለ።

እትዬ ብርቄ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሰሚራ ምን እንደተባለ ስላልገባት ማሸጊያውን መሳብ ቀጠለች። እስከ ኬንት ድረስ መኪናው ውስጥ የዝናብ መጥረጊያው ድምፅ ብቻ ነበር።

ሰኞ

ጠዋት እትዬ ብርቄ ወደ ገበያ ሲወስዱኝ የመኪናው ሬዲዮ ስለዚያች እጅ ብቻ ያወራል። ሰዎች እየደወሉ ይሳደባሉ፤ አንዱማ ማልቀስ ብቻ ነው የቀረው። ከዚያ ጡረታ የወጣ ዳኛ ቀርቦ ጥፋቱ ግልጽ እንደነበር ተናገረ፦ እጁ የተያዘው ኳሱ ከመድረሱ በፊት ነው። ቤት ገብቼ ቪዲዮውን በስልኬ እያቆምኩ አየሁት። ትክክል ነው። ተሳስቻለሁ።

አጎቴ ከሥራ ሲመለስ ነገርኩት። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ እንግዳ ነሽ» አለኝ። ያን ያህል ለዘብ ብሎ ሲናገር አይቼው አላውቅም፤ የበለጠ አሳፈረኝ።

መሐላው ግን ቀረ። እኛ አገር በአባቱ አጥንት የማለ ሰው መሐላውን ብቻውን አያወርደውም፤ ሦስት ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ሰምቶና መርቆ ይፈታለታል። ቡታጅራ ቢሆን ሦስት ሽማግሌ ከቁርስ በፊት ይገኛል። እትዬ ብርቄና እኔ ስልክ ይዘን ተቀመጥን። አንደኛው ሽማግሌ የጭነት መኪና ይዘው ከተራራው ማዶ ናቸው። ሁለተኛው ኦበርን መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ እዚያ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሦስተኛው የኩላሊት እጥበት ላይ ናቸው። «ኦኬ የኔ ልጅ፣ ኮል ባክ አደርጋለሁ» ይሉናል። ሦስቱንም አንድ ላይ ማግኘት የተቻለው ረቡዕ አመሻሽ ላይ ብቻ ነው። የጋሽ ሸምሱ በረራ ረቡዕ ጠዋት ነው።

ማክሰኞ

ብቻዬን በባቡርና በአውቶቡስ ወደ ሌክ ሲቲ ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ ባዶ ሱቅ ውስጥ በካርቶን ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሚያቀርቡልኝ ነገር ሲያጡ ከጎረቤት ሱቅ ሻይና ሳምቡሳ አስመጡ፤ ከፊሉን ለመንገድሽ ብለው ጠቀለሉልኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ የፈረድኩት ስህተት ነበር አልኳቸው።

«እኔም እኮ አይቻለሁ» አሉ። «ገና ሲይዘው አይቻለሁ። የመጨረሻ ቀናችን በእርግማን እንዳያልቅ ብዬ ነው እኩል ናቸው ያልኩት።»

«ታዲያ እርስዎ ወደ ኬንት ለምን አይመጡም? የማለው በእርስዎ ደጅ ነው እንጂ በራሱ ደጅ አይደለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታናሽ ወደ ታላቅ ደጅ ይመጣል። እኔ ብሄድ በአገር ቤት ምን ይባላል? ሸምሱ በደለኛ ሆኖ ሄደ ይባላል። መሐላውን የማለው እሱ ነው።»

ስለዚህ ታናሹ ወደ ደጁ መምጣት አለበት፤ ደጁን ደግሞ መርገጥ አይችልም። ስመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ ሳወጣ ሳወርድ አንድ መፍትሔ አገኘሁ። ጋሽ ሸምሱ ማታ የሱቁን ቁልፍ ያስረክባሉ። ካስረከቡ በኋላ ደጁ የሸምሱ ደጅ አይደለም፤ አጎቴ ቢረግጠውም መሐላው አይፈርስም። ለአጎቴ ይህን በተርታ አስረዳሁት።

ሰማኝና፣ «በብልሃት ከመሐላው የሚያመልጥ ሰው ዳኛውን በምን አፉ ይሰድባል?» አለ። «ደጁ ማለት እሱ ነው። እኔ የማልኩትን አውቃለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ሁለተኛውን ስህተት የሠራሁት። ልቡን ያራራዋል ብዬ፣ ጋሽ ሸምሱ ጥፋቱን አይተውት እንደነበር ነገርኩት።

ወደ እኔ ዞረ። «አይቶ ነው?»

«ነገሩ እንዳይካረር ብለው ነው እኮ...»

«ዳኛው አላየም» አለ አጎቴ። «ያላየ ሰው ምን ይባላል? ሸምሱ ግን አይቶ ነው የካደኝ።» እራቱን ሳይነካ ተነሣ። እትዬ ብርቄ ሳህኑን እያነሡ፣ «አንቺ ልጅ፣ አንዳንዱን ነገር ባታስረጂስ?» አሉኝ።

ረቡዕ

የእኔም በረራ በዚያው ጠዋት ነበር። አጎቴ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ አደረሰኝ። መነሻው በር ላይ መኪና ለማራገፍ ብቻ ነው የሚቆመው፤ ደመቅ ያለ ሰደርያ የለበሰ ጠባቂ ፊሽካ እየነፋ ቶሎ ቶሎ ያስነሣል። ሻንጣዬን አወረደልኝ፣ ሳመኝ። ከዚያ መኪናው ውስጥ አልገባም። እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ መስታወቱ በር አየ።

«ጋሽ ሸምሱ እኮ ውስጥ ናቸው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ሂጂ፣ ይረፍድብሻል። እኔ እዚች ጋ ትንሽ እቆማለሁ።»

ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ጋሽ ሸምሱ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበሩ፤ የምትገፋቸው ልጅም የእኛው አገር ልጅ ናት። ሰሚራ ፓስፖርት ይዛ ሰልፍ ላይ ቆማለች። «አጎቴ ውጭ ቆሟል» አልኳቸው።

«አልገባም?»

«አልገባም። ግን ቆሟል።»

መሬቱን አዩ። ወደ ታናሽ የሚሄድ ታላቅ የለም፤ ይህን ትናንት እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል። ከዚያ ሁለቱን እጆቻቸውን ወንበሩ ላይ ተደግፈው ተነሡ።

«አባባ፣ እኔ ልግፋዎት» አለች ልጅቷ።

«አይሆንም የኔ ልጅ። ተቀምጦ ለይቅርታ አይኬድም።»

ክንዴን ይዘው ሄዱ። መንገዱ ለእኔ የሠላሳ ሰከንድ ነው፤ ለእሳቸው ጉልበት ረጅም ነበር። ሰሚራ ከኋላችን «ዳድ! ዳድ!» ትላለች። የመስታወቱ በር ተከፈተ። አጎቴ መኪናውን ባቆመበት ቦታ አንድ ትልቅ የቤተሰብ መኪና ቆሞ ሕፃናት ይወርዱበታል። ጠባቂው ፊሽካውን ነፋ።

ጋሽ ሸምሱ ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ። ዝናቡ ኮፍያቸው ላይ ይረጫል። ምናልባት ሁለት ደቂቃ ቆመናል። «ይሁን» አሉና ዞሩ።

እዚህ ማስታወሻዬ ያልቅ ነበር፤ ነገር ግን ቡታጅራ ከገባሁ በኋላ ለአጎቴ ደወልኩ። ሽማግሌዎቹ ረቡዕ አመሻሽ ላይ በቀጠሯቸው መጥተው፣ ሁሉንም በሥርዓቱ ሰምተው፣ መሐላውን ፈተው፣ መርቀውት ሄደዋል። ጋሽ ሸምሱ ያን ጊዜ ዳላስ ነበሩ። አጎቴም ሆነ እሳቸው እስካሁን አልተደዋወሉም።

«ያን ጠዋት ለምን ሄድክ?» አልኩት። «ወጥተው ነበር እኮ።»

«አልሄድኩም። ጠባቂው አስነሣኝ። ዞሬ መጣሁ፣ ቦታ የለም፤ እንደገና ዞርኩ። በሦስተኛው ስመጣ ጀርባውን አየሁት። እየገባ ነበር።»

«አጎቴ፣ ክላክስ ብታደርግ ይዞሩ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለኝ።